የጥሩብርሃን መያዣ

ከአጠና ተራው ጀርባ፣ ወደ ወንዙ በሚያዘቀዝቀው መንገድ ላይ፣ ሦስት የኪራይ ክፍሎች ያሉት አንድ ግቢ ነበር። ባለቤቲቱ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ትባላለች። ኪራይ የምትሰበስብበት መንገድ እንደ ሌላው የኮልፌ አከራይ አልነበረም። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ፀሐይዋ ግቢውን ሳትሞላው፣ በርጩማዋን ከደጇ ታወጣና ሰፌድ ሙሉ ምስር ጭኗ ላይ አድርጋ ጠጠሩን ትለቅማለች። የማንንም በር አታንኳኳም፤ የማንንም ስም አትጠራም። ተከራዮቹ ሲወጡ በፊቷ ማለፋቸው አይቀርም። ያለው ከሰፌዱ ጠርዝ ላይ ያስቀምጥላታል፤ የሌለው ሰላምታ ሰጥቶ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል። ምስሩ ተለቅሞ ሲያልቅ ማን እንደቀረ ልብ ትልና ሰፌዷን ይዛ ትገባለች።

ይህን ያስተማራት ሰው የለም። ከጉራጌ አገር በአሥራ ስድስት ዓመቷ ተድራ ስትመጣ፣ ባሏ ኃይለመስቀል ያኖራት ዘነበወርቅ አካባቢ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። የዚያ ቤት አከራይ በር የሚደበድብ ሰው ነበር። ኪራይ ሁለት ወር ሲዘገይበት፣ ባሏ ለቅቤ ንግድ ወጥቶ እሷ ብቻዋን ሳለች፣ በሩን ከነማጠፊያው ነቅሎ ወሰደው። ነሐሴ ነበር። ሦስት ሌሊት ደጁን በጋቢ ጋርደው አደሩ። ሆዷ ውስጥ የነበረው ልጅ ቀኑ ሳይደርስ ተወለደ፤ ሳምንትም አልቆየ። ከብርዱ ይሁን ከሌላ ነገር የነገራት የለም፤ እሷ ግን ከብርዱ ነው ብላ በልቧ ይዛዋለች። ከዚያ ወዲህ አልወለደችም። ኃይለመስቀል ጥቂት ጥቂት አጠራቅሞ ኮልፌ ላይ ይህን ግቢ ሲሠራ፣ ጭቃውንም ቆርቆሮውንም ለሠራተኞቹ ትታ፣ በሮቹን ብቻ ራሷ አጠገባቸው ቆማ አሠራች።

ኃይለመስቀል በሞተ ጊዜ በኑዛዜው የኪራይ ክፍሎቹን እኩሌታ ለታናሽ ወንድሙ ለዱባለ ተወለት። ዱባለ ክፉ ሰው አልነበረም። መርካቶ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለው፤ ስድስት ልጆች አሉት፤ በየወሩ መጥቶ ድርሻውን ይወስዳል፤ በበዓል ቀን ደግሞ ወንድ በሌለበት ቤት ዶሮ የሚያርድላት እሱ ነው።

ከሦስቱ ክፍሎች በአንደኛው ነገሬ የሚባል ሽማግሌ ዘበኛ፣ በሁለተኛው ወፍጮ ቤት የሚሠሩ ወንድማማቾች ይኖራሉ። የመጨረሻው፣ ከጥሩብርሃን ደጅ ፊት ለፊት ያለው፣ የሽኩር ነው። ሽኩር ቆራሌው ነው። ጆንያውን በትከሻው ጥሎ ከኮልፌ እስከ ሳንሱሲ በየመንደሩ እየጮኸ ባዶ ጠርሙስና አሮጌ ቆርቆሮ ይገዛል። ከሚስቱ ከዘይነባ ጋር እዚህ ግቢ ሲገቡ ልጃቸው አልፊያ ገና በጀርባ የምትታዘል ነበረች። አሁን ስድስት ዓመቷ ነው፤ አብዛኛውንም ቀኗን ያሳለፈችው ጥሩብርሃን ቤት ውስጥ ነው።

ጥሩብርሃን ለአልፊያ ብላ ሌላ ሳህንና ሌላ ድስት ገዛች። ሳህኑ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ብረት ሳህን ነው። ከራሷ ዕቃ ጋር አትደባልቀውም። ረቡዕና ዓርብ እሷ ስትጾም ለልጅቷ ወተት ትገዛለች። አንዳንድ ጊዜ ዶሮ ታመጣና ሽኩር እንደ ሃይማኖቱ ያርድላታል፤ ከዚያ በአልፊያ ድስት ትሠራዋለች። የእስላም ሥጋ ነውና እሷ አትቀምሰውም። ስለዚህ ወጡ ሊወጣ ሲል ልጅቷን ትጠራለች።

«ጨው በቃው?»

አልፊያ ጣቷን ልሳ ዓይኗን ጨፍና ታስባለች። «ትንሽ ይቀረዋል።»

«ትንሽ ማለት ምን ያህል?»

«የጉንዳን እፍኝ።»

ጥሩብርሃን የጉንዳን እፍኝ ትጨምራለች። ነገሬ ከደጁ ሆኖ ይህን በሰማ ቁጥር ይስቃል። «ወይዘሮ ጥሩ፣ ይህች ልጅ ስታድግ ለቤተ መንግሥት ወጥ ቤት መሆኗ ነው። ያኔ እኔንም በር ጠባቂ ታስቀጥረኛለች።»

«አንተን አላስቀጥርም፤ ትተኛለህ» ትለዋለች አልፊያ።

አልፊያ አገር ቤት ጊደር አለቻት። ከቡታጅራ ወዲያ ያለው አያቷ ጥጃ ሳለች የሰጣት ነው፤ ስሟ ቡራቡሬ ይባላል። ልጅቷ ስለ ቡራቡሬ ማውራት አይደክማትም። «ስትወልድ፣ እቴቴ፣ ወተቷን በቅል አመጣልሻለሁ። ረቡዕ ከሆነ ግን ለእኔ ብቻ ነው።»

በ፲፱፻፷፬ ክረምት ሽኩር ከባድ ነገር ደረሰበት። አንድ ያገሩ ልጅ ዕቁብ ሲደርሰው ሽኩር ዋስ ሆኖለት ነበር። ሰውየው ገንዘቡን በእጁ እንዳደረገ ጠፋ፤ አንዱ ጅማ ነው አለ፣ ሌላው አሰብ ነው አለ። የቀረውን ዕቁብ በየሳምንቱ የመጣል ዕዳ በሽኩር ላይ ወደቀ። ሽኩር ዋስነቱን አልክድም አለ። ያን ቢክድ ከእንግዲህ ካገሩ ሰው ቡና የሚጋብዘው እንደማይኖር ያውቃል። የኪራዩ ገንዘብ ወደዚያ ሄደ። መስከረም በገባ በመጀመሪያው ቀን በጥሩብርሃን በርጩማ ፊት ቆመ፤ ዝም ብሎ አላለፈም።

«እትዬ፣ የዚህ ወር የለኝም።»

«ሰማሁ።»

«የሚቀጥለውም የሚኖረኝ አይመስለኝም።»

«ምስሬን እየለቀምኩ ነው ሽኩር፤ ጥላህን ከላዬ አንሳልኝ።»

ሽኩር ፈገግ አለና ጆንያውን አንሥቶ ወጣ። ጥቅምትም፣ ኅዳርም፣ ታኅሣሥም እንዲሁ አለፉ። ዱባለ ድርሻውን ሊወስድ ሲመጣ በየወሩ አንድ ሰበብ ትፈጥርለታለች።

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል፣ ዘይነባ ልብስ ስታሰጣ ለጥሩብርሃን አንድ ነገር ነገረቻት። ለክፋት አልነበረም፤ እንዲሁ ለወሬ ያህል ነው። ለአረፋ አገር ቤት እንሄዳለን አለች። አማቷ ልካባት ነበር፤ ኑሮ እስኪቃናላችሁ ልጅቷን እኔ ዘንድ ተዉአት፣ ቁርአን ትቅራ፣ ወተት ትጠጣ ብላ።

«ታዲያ ምን አልሽ?» አለች ጥሩብርሃን።

«እኔ ምን እላለሁ እትዬ? ሽኩር ክፉ ሐሳብ አይደለም ይላል።»

ጥሩብርሃን ያን ቀን ምሳ አልበላችም። የአልፊያን ሳህን ከመደርደሪያው አውርዳ፣ ንጹሕ የነበረውን ደግማ አጠበችው።

ጥር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ዱባለ መጣ። በማዳበሪያ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዟል።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«ጉጠትና መዶሻ ነው። አንቺ ምስርሽን ልቀሚ፣ እትዬ።»

ከፊት ለፊቱ ደጅ ሽኩር አንድ ጥቅል በገመድ ያስራል። ዱባለ ሄዶ ከሽኩር ራስ በላይ ቆመ።

«ወዴት ነው?»

«ለአረፋ አገር ቤት፣ ጋሼ ዱባለ።»

«በአምስት ወር ዕዳ ላይ አረፋ!»

«አባቴ ሽማግሌ ነው። ዘንድሮ ከቀረሁ ሞቷል ብሎ ያለቅስብኛል።»

«አንተ ከሄድክ ደግሞ እኔ ነኝ ሞቷል ብዬ የማለቅሰው» አለ ዱባለ። «ሃምሳ ብሬን ይዘህ ትሞታለህ። ሂድ፣ አልከለክልህም። በሩ ግን እዚህ ይቆየኛል።» ማዳበሪያውን ፈትቶ ጉጠቱን አወጣ።

ጥሩብርሃን ጉጠቱ ማጠፊያውን ሲነክስ ሰማች። ያን ድምፅ ከሠላሳ ዓመት በፊት ጀምሮ ታውቀዋለች። ብድግ ስትል ምስሩ መሬት ላይ ተበተነ።

«ዱባለ፣ እጅህን ከበሬ ላይ አንሣ።»

«እሺ፣ ታዲያ መያዣ ይስጠኝ። ምን አለው? እስቲ ግቢና እይ። ምንጣፍ ነው፣ ሁለት ጆንያ ነው፣ ጀበና ነው።»

ዘይነባ የልጅቷን እጅ ይዛ ከበሩ ወጣች። አልፊያ አገር ቤት የምትሄድበትን ቀይ ሻሽ ከአሁኑ አስራለች። ጥሩብርሃን ሻሹን አየችው። በዚያች ቅጽበት በጭንቅላቷ ውስጥ የነበረው በሩ አልነበረም፤ ዕዳውም አልነበረም። ይህች ልጅ ከሄደች አትመለስም የሚል ብቻ ነበር።

«አልፊያ እኔ ዘንድ ትቆያለች» አለች። «መያዣዬ እሷ ናት።»

ዱባለ እንኳ ጉጠቱን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ ሰው መያዣ ይሆናል እንዴ?»

«ይሆናል። ልጁን ጥሎ የሚቀር የለም። ከፍለው ይወስዷታል።»

ነገሬ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ እንደገና ዘጋው። ሽኩር ገመዱን እንደያዘ ቀረ። የተናገረችው ዘይነባ ናት፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም።

«እርስዎ ነዎት ይህን ያሉት፣ እትዬ?»

ጥሩብርሃን ጎንበስ ብላ የተበተነውን ምስር መልቀም ጀመረች። ሳጥኗ ውስጥ በመሐረብ የተቋጠረ አርባ ብር ነበራት። ከዚያ ላይ የዱባለን ሃያ አምስት ብር ቆጥራ ብትሰጠው ኖሮ ጉጠቱን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ይህን ያን ጊዜም ታውቀው ነበር። ምስሯን ለቀመች።

በማግሥቱ ባልና ሚስቱ ልጃቸውን ትተው ሄዱ። ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም፤ ሽማግሌው አባት ይጠብቃል፣ በሩም የሰው ነው። ዘይነባ ስትሰናበት ልጅቷን ግንባሯን ሳመቻት፤ ጥሩብርሃንን ግን እጅ ነሥታ ብቻ አለፈች።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አልፊያ እንደ ጨዋታ ቆጠረቻቸው። ጥሩብርሃን አበባ ያለበት ቀሚስ ገዛችላት። ፀጉሯን ጎነጎነችላት። አብረው ተኙ። ጥሩብርሃን ጠዋት ስትነቃ የልጅቷን ትንፋሽ አንገቷ ላይ ታገኘውና፣ እንዳትቀሰቅሳት ሳትንቀሳቀስ ረጅም ሰዓት ትጋደማለች። ሊከፍሉ ባይችሉስ እያለች ታስብ ነበር። ሐሳቡ ሲመጣባት ታማትባለች፤ ሐሳቡ ግን ተመልሶ ይመጣል።

በዚያ ዓመት አረፋና ጥር ሥላሴ በአንድ ቀን ዋሉ። ጥሩብርሃን ከዋዜማው አንዲት ነጭ ዶሮ ገዝታ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዶሮዋን አቅፋ፣ አልፊያን አስከትላ፣ ከመንገዱ ጥምዝ ላይ ሱቅ ወዳላቸው ወደ ሐጂ ረሻድ ሄደች። ሐጂ በአዲስ ጀለቢያ ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«እንኳን አደረሰዎ፣ ሐጂ። ይህችን ዶሮ እንዲያርዱልኝ ነው። ለአልፊያ።»

ሐጂ ረሻድ ዶሮዋን አላዩም። ልጅቷን ነው ያዩት። «ወላጆቿ የት ናቸው?»

«አገር ቤት ሄደዋል።»

«እሷን ትተው? ለአረፋ?»

ጥሩብርሃን ዶሮዋን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች። ሐጂ የሰሙት ነገር እንዳለ ከአጠያየቃቸው ገባት፤ ኮልፌ ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ ሁለት ቀን አይፈጅበትም።

«ልጅቷን እዚህ ተዪአት» አሏት በመጨረሻ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ከልጆቼ ጋር ትብላ። የእኛ ልጅ ናት፤ በዓሏ ነው። ዶሮሽን ይዘሽ ግቢ፣ ወይዘሮ ጥሩብርሃን።»

ዶሮዋን ይዛ ተመለሰች። በሩን ዘግታ ተቀመጠች። ልጅቷ ስትመጣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። እጇ ላይ ሂና ተቀብታለች፤ ግን አላሳየቻትም። ከበሩ አጠገብ ቆማ ቆየች።

«እቴቴ።»

«ወዬ፣ እናቴ።»

«እኔ ስንት ብር ነኝ?»

ጥሩብርሃን ጣሳ ይዛ ነበር። ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው። «ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«የሐጂ ልጆች። እኔ ሃምሳ ብር ነኝ አሉ። አንዱ ደግሞ አይ፣ አርባ ናት አለ።»

«አንቺ ብር አይደለሽም።»

«አባባ ካልከፈለስ?»

ጥሩብርሃን ይህን ጥያቄ ራሷን ስትጠይቀው ሰንብታለች። መልሱንም ታውቀዋለች። ልጅቷን ስባ አቀፈቻት። አልፊያ አልገፋቻትም። እንደ እንጨት ደርቃ፣ ሰው አቅፎ እስኪጨርስ ጠበቀች።

ከዚያ ቀን በኋላ አልፊያ ጨዋ ልጅ ሆነች። ጥሩብርሃንን ከሁሉ የጎዳት ይህ ነው። ብታለቅስ ታባብላት ነበር፤ ብታምጽ ትቆጣት ነበር። ልጅቷ ግን የበላችበትን ሳህን ራሷ አጥባ ትደፋዋለች። ደጅ ለመውጣት ልውጣ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ረቡዕ ወተት ስትሰጣት «አልራበኝም» አለች፤ እንደገና ስትሰጣት፣ የታዘዘችውን ለመፈጸም ያህል፣ ቆማ ጠጣችው። የቡራቡሬንም ወሬ አቆመች።

ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን ሽኩር ብቻውን መጣ። አልፊያ ከሩቅ አይታው ሮጠች፤ ግን መሐል ግቢ ስትደርስ ቆመችና ወደ ጥሩብርሃን ዞረች። ልሂድ ወይ ማለቷ ነበር። ጥሩብርሃን ራሷን ነቀነቀችላት። ልጅቷ ያኔ አባቷ ላይ ተጠመጠመች።

ሽኩር በርጩማ ላይ አልቀመጥም አለ። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ አወጣ።

«እናቴ ናት የላከችልዎት። እንደየዓመቱ። እሷ ምንም አልሰማችም።» ቀጥሎ ገንዘቡን አወጣና ከቅቤው አጠገብ አስቀመጠው። «ሃምሳ ነው። ይቁጠሩት።»

«ሽኩር፣ አንሣው። ለዱባለ እኔ እሰጠዋለሁ። እኔ ገንዘቡን ፈልጌ አይደለም።»

«እሱን አውቃለሁ።»

«አውቀህ ነው?»

«ገንዘቡን ቢፈልጉ ምንጣፉን ይወስዱ ነበር» አለ ሽኩር። ቁጣ አልነበረውም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነው። «ዘይነባ መንገዱን ሁሉ ስታለቅስ ነው የሄደችው። እትዬን እናቷ ናት ብዬ ነበር ትላለች። እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር። አሁን ግን ገንዘቡን ይውሰዱ። ልጄ አድጋ ነገሩን ስታስታውሰው፣ አባቴ ከፍሎ አወጣኝ ትበል።»

«ከየት አመጣኸው?»

ሽኩር ወደ ልጁ አላየም። «ጊደሯን ሸጥናት።»

«ቡራቡሬን?» አለች አልፊያ።

ሽኩር ዕቃውን ሊያወጣ ወደ ክፍሉ ገባ። እሷም ደግማ አልጠየቀችም።

ሳንሱሲ አንድ ዘመዱ ዘንድ ክፍል አግኝቷል፤ ዘይነባ እዚያ ናት። ዕቃው ሁሉ አንድ ጋሪ አልሞላም። ነገሬ ጥቅሉን አብሮት ጫነ። ሽኩር የክፍሉን በር ራሱ ዘጋው፤ ማጠፊያው ላይ ጉጠቱ የነከሰበት ቦታ ያበራል። ጥሩብርሃን ጠርዘ ሰማያዊውን ሳህን ይዛ ወደ ጋሪው መጣች።

«ይህ የእሷ ነው።»

አልፊያ አባቷን አየች። «እዚያም ሳህን አለ፣ እትዬ» አለ ሽኩር። ጋሪው ተንቀሳቀሰ። ልጅቷ ከኋላ ተቀምጣለች፤ ወደ ግቢው እያየች ነው የሄደችው። እጇን ግን አላነሣችም።

ዱባለ ድርሻውን ሲቀበል ደስ አላለውም። «ተዪው፣ ለአንቺ ይሁን» ብሎ ነበር፤ እሷ በግድ አስያዘችው። ክፍሉን ለአንድ ወታደር አከራየው። ጥሩብርሃን ወር ሲገባ ደጅ መቀመጡን ተወችው። የነገሬንም የወንድማማቾቹንም ኪራይ እንዲሰበስብላት ለዱባለ ነገረችው።

ነጯ ዶሮ ቀረች። እንቁላል መጣል ጀመረች፤ ግቢውን ትጭራለች፤ ቀን ቀን በወታደሩ ደጅ ፀሐይ ትሞቃለች። ለፋሲካ ዱባለ ቢላዋውን ይዞ ሲመጣ ዓይኑ እሷ ላይ ዐረፈ።

«ይህች ሰብታለች። እሷን ልያዛት?»

«እሷ የሰው ናት» አለች ጥሩብርሃን። ገበያ ወጥታ ሌላ ገዛች።

የዳግም ትንሣኤ ዕለት ሥጋ ገዝታ ወጥ ሠራችለት። ዱባለ አንድ ሁለቴ ጎረሰና እጁን ከመሶቡ ላይ አቆየ። ሊናገር አልፈለገም፤ ኋላ ግን ተናገረ።

«እትዬ፣ ጨው የለውም እኮ።»

ጥሩብርሃን ወደ ደጁ እያየች ነበር። ጾሙ ከተፈታ ሳምንት ሆኖታል፤ ወጡም የራሷ ወጥ ነው። ልትቀምሰው የሚከለክላት ነገር አልነበረም።

«አልቀመስኩትም» አለች።